ገንዘቡ የማን ነው? የድኅረ ዶክትሬት የምርምር ሥራ አፈላለግ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወጣት ባልደረባዬ ወደ ቢሮዬ መጣና ለ63 ፕሮፌሰሮች የላከውን ደብዳቤ አሳየኝ። ደብዳቤው አንድ ነው፤ የሚለያየው በራስጌው ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። መልስ የሰጡት አራት ሲሆኑ፣ አራቱም በትሕትና «ለጊዜው ክፍት የሥራ ቦታ የለንም» ብለዋል። ይህ ባልደረባዬ ዶክትሬቱን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቀ፣ የታተሙ ጽሑፎችም ያሉት ሰው ነው። «ዶክተር፣ ምኔን ነው ያልወደዱት?» ሲል ጠየቀኝ። ማንም እንዳልጠላው፣ ምናልባትም ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው እንደሌለ ነገርኩት። በዚያ ቀን ለእርሱ በአጭሩ የሰጠሁትን መልስ ዛሬ ለእናንተ ሰፋ አድርጌ ላቅርብ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ድኅረ ዶክትሬት ዲግሪ አይደለም። በእኛ ዘንድ ከዶክትሬት በላይ ያለ አራተኛ ዲግሪ ይመስል ሲነገር እሰማለሁ፤ በስም ማስተዋወቂያ ካርድ ላይ ታትሞም አይቻለሁ። ድኅረ ዶክትሬት ሥራ ነው፤ ያውም የሚያበቃበት ቀን ገና ሲጀመር የተጻፈ ሥራ። ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። በአሜሪካ በእ.ኤ.አ. 1919 ብሔራዊው የምርምር ምክር ቤት ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ባገኘው ገንዘብ በፊዚክስና በኬሚስትሪ አዲስ ዶክተሮች ለተወሰነ ጊዜ ከማስተማር ነጻ ሆነው እንዲመራመሩ ድጋፍ መስጠት ጀመረ። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት የወጣ አይደለም። ከውጭ የመጣ፣ ለአንድ ዓላማ የተመደበ፣ ጊዜ የተቆረጠለት ገንዘብ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም የሥራው ጠባይ በመሠረቱ ያው ነው።

ስለዚህ ሥራ ፈላጊ ሁሉ «የት ቦታ አለ?» ከማለቱ በፊት «ገንዘቡ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ማን እንደሚመርጣችሁ፣ መቼ ማመልከት እንዳለባችሁ፣ ደብዳቤያችሁ ምን ማለት እንዳለበት፣ ውሉ ሲያልቅ ምን ይዛችሁ እንደምትቀሩ፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ምሳሌዬን በአብዛኛው ከጀርመን እወስዳለሁ፤ ይበልጥ የማውቀው እርሱን ነው፤ ከመካከላችንም ጥቂት የማይባሉ ሰዎች የሄዱበት አገር ነው።

ገንዘቡ በዋናነት ከሁለት ወገን ይመጣል። ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት የሚከፈል ሦስተኛ ዓይነት ቦታም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ማስተማርን ስለሚጨምርና ተወዳዳሪው ስለሚበዛ ግን ዛሬ አልፈዋለሁ።

የመጀመሪያው የፕሮጀክት ገንዘብ ነው። አንድ ፕሮፌሰር የምርምር ሐሳብ ጽፎ ይወዳደራል፤ ካሸነፈ በገንዘቡ ሰው ይቀጥራል። ለምሳሌ የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለጀማሪ ተመራማሪዎች እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ፣ ለመካከለኞቹ እስከ 2 ሚሊዮን፣ ለነባሮቹ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዩሮ ይሰጣል፤ የፕሮጀክቱ ዕድሜም እስከ 5 ዓመት ነው። ሥራ ፈላጊ ሊያውቀው የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የአሸናፊዎቹ ስም፣ የሚሠሩበት ተቋምና የፕሮጀክታቸው ርእስ በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል። ያን ያህል ገንዘብ የተሰጠው ሰው ሥራውን ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ በሚቀጥሉት ወራት ሰው መቅጠር ግድ ይሆንበታል። ማስታወቂያው ዩራክሰስ በሚባለው የአውሮፓ ተመራማሪዎች የሥራ መረጃ ቋት ላይ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ከመቶዎች አንዱ ይሆናል። ዝርዝሩን አንብቦ በጊዜ የጻፈ ሰው ግን ማስታወቂያው ሲወጣ ስሙ አስቀድሞ የሚታወቅ አመልካች ነው። ውድድሩ አይቀርለትም፤ ቢያንስ ግን ማመልከቻው ይነበብለታል።

ሁለት የመረጃ ቋቶችን በስም ልጥቀስ። ኮርዲስ የሚባለው በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚካሄዱ ፕሮጀክቶችን፣ ጌፕሪስ የሚባለው ደግሞ የጀርመን የምርምር ፋውንዴሽን የሚደግፋቸውን ይዘረዝራሉ። ሁለቱም በነጻ ይነበባሉ። የፕሮጀክቱን ጭምቅ ሐሳብ፣ የሚመራውን ሰውና ዘመኑን ታገኙባቸዋላችሁ። ከወጣቱ ባልደረባዬ ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን ከ63ቱ የመጀመሪያዎቹን አሥር ፈተሽን። አብዛኞቹ ፕሮጀክታቸው ያለቀ ወይም ሊያልቅ ወራት የቀሩት ሆነው አገኘናቸው። ሁለቱ ጡረታ ወጥተዋል። ስምንት ወር የቀረው ፕሮጀክት የሁለት ዓመት ቅጥር ሊሰጥ አይችልም፤ ፕሮፌሰሩ ቢፈልግም አይችልም። «ክፍት ቦታ የለንም» የሚለው መልስ ቃል በቃል እውነት ነበር።

ሁለተኛው እናንተ ራሳችሁ ተወዳድራችሁ የምታመጡት ገንዘብ ነው። የአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ፋውንዴሽን የምርምር ፌሎሺፕ ከ6 እስከ 24 ወር ይሰጣል፤ ማመልከቻ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላል፤ ለአገርም ሆነ ለትምህርት ዘርፍ ኮታ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕም ለማንኛውም ዜግነት ክፍት ሲሆን፣ በአውሮፓ የሚደረገው ከ12 እስከ 24 ወር የሚቆይ ነው። ይሁን እንጂ ከማመልከቻው የመጨረሻ ቀን በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በምትሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖራችሁ ወይም የሠራችሁ እንደ ሆነ ለዚያ አገር ማመልከት አትችሉም። ዶክትሬታችሁን ጀርመን ሠርታችሁ በቅርቡ ከተመለሳችሁ ይህ ደንብ በቀጥታ ይነካችኋል፤ ያን ጊዜ ዓይናችሁን ወደ ሌላ አገር ማዞር ነው።

ወጣቱ ባልደረባዬ የሳተው ነገር እዚህ ላይ ነው። በፕሮጀክት ገንዘብ ለመቀጠር የሚጻፍ ደብዳቤና ለፌሎሺፕ አስተናጋጅ ለመጠየቅ የሚጻፍ ደብዳቤ ሁለት የተለያዩ ልመናዎች ናቸው። «የሥራ ቦታ ይኖርዎታል?» ብትሉት ፕሮፌሰሩ ኪሱን ይዳስሳል፤ ባዶ ከሆነ መልሱ «የለም» ነው። «ይህን ጥናት ለመሥራት ለፌሎሺፕ ልወዳደር አስቤአለሁ፤ ከእርስዎ ሥራ ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ነው፤ አስተናጋጅ ይሆኑኛል ወይ?» ብትሉት ግን የምትጠይቁት ደመወዝ አይደለም፤ ጊዜውን፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ እንዲሁም አንድ የድጋፍ መግለጫ ነው። ያው ሰው፣ በዚያው ሳምንት፣ ለመጀመሪያው «የለም» ለሁለተኛው «እንነጋገር» ሊል ይችላል። ለ63 ሰዎች የተላከው ደብዳቤ ገንዘብ ለሌላቸው ሰዎች ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነበር።

ስለ ደብዳቤው ይዘት ብዙ አልልም። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ እነርሱ ሥራ እንጂ ስለ እናንተ የልጅነት ህልም አይሁን። ያነበባችሁትን አንድ ጽሑፋቸውን ስትጠቅሱ አድናቆት ከምታዥጎደጉዱ ጥያቄ አንሡበት። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ከእኛ አገር የሚሄድ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው መረጃውን ነው፤ የእኔ አፈር፣ የእኔ ዘር፣ የእኔ ብራና፣ የእኔ ታካሚዎች። ይህ ጥንካሬ ነው፤ ሆኖም በዘዴና በሐሳብ ካልታጀበ የሌላ ሰው መረጃ ተሸካሚ ያደርጋል። በጽሑፎቹ ላይ የደራሲነት ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚሆን ናሙናው ከመሰብሰቡ በፊት ተነጋገሩ። የዕፀዋት ወይም የሌላ ሕያው ነገር ናሙና ከሆነ ደግሞ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንዳለ አትርሱ። ፈቃድ የሌለው ናሙና በሻንጣ ይዞ መሄድ ሕግ መጣስ ነው፤ የአስተናጋጁ መወትወትም ከተጠያቂነት አያድናችሁም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ለእኛ ሰዎች ከሁሉ የከፋው ጉዳይ ይህ ነውና። የድኅረ ዶክትሬት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በዕድሜ አይደለም፤ ዶክትሬቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በሚቆጠር ጊዜ ነው። የሁምቦልት ፌሎሺፕ በድኅረ ዶክትሬት ደረጃ የሚቀበለው ዶክትሬቱን ካገኘ ከ4 ዓመት ያልበለጠውን ነው፤ ከዚያ እስከ 12 ዓመት ያለው ልምድ ካላቸው ተመራማሪዎች ጋር ይወዳደራል፤ በዚያ ሚዛን ደግሞ የሚጠበቅበት የኅትመት ብዛትና ጥራት ሌላ ነው። በማሪ ኩሪው ፌሎሺፕ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ በነበሩ ጥሪዎች ጣሪያው ከዶክትሬት በኋላ የ8 ዓመት የምርምር ልምድ ነበር። ደንቦቹ ከጥሪ ጥሪ ስለሚሻሻሉ የዓመቱን መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ፤ ያለፈው ዓመት ያመለከተ ጓደኛ የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

በአገራችን ምን ይሆናል? አዲሱ ዶክተር ዲግሪውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ክፍሉ ሲጠብቀው ኖሯል። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ኮርስ፣ ስምንት የማስተርስ ተማሪ፣ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ኮሚቴ፣ ከዚያ የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ይሰጠዋል። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ እኔም ኃላፊ ሳለሁ ለሌሎች እንዲሁ አድርጌአለሁ። ከመመረቂያ ጥናቱ ሊወጡ የሚገባቸው ሁለት ጽሑፎች በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዳሉ አራት ዓመት ያልፋል። ያን ጊዜ «እስኪ ድኅረ ዶክትሬት ልፈልግ» ብሎ ሲነሣ ሰፊው በር ተዘግቷል። ማመልከቻውን ማዘጋጀት፣ አስተናጋጅ ማግኘትና ውጤት መጠበቅ ተደምረው በቀላሉ አንድ ዓመት እንደሚፈጁ ስታስቡ፣ ፍለጋው የሚጀመርበት ትክክለኛው ጊዜ ጥናቱን ከመከላከል በፊት ያለው ዓመት ነው። እናንተ የመጨረሻ ዓመት የዶክትሬት ተማሪዎች፣ ይህን የምናገረው ለእናንተ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች አሉ። የዶክትሬት ቀን የሚባለው የትኛው ነው? ጥናቱን የተከላከላችሁበት፣ ሴኔቱ ያጸደቀበት ወይስ ጋዋን ለብሳችሁ ፎቶግራፍ የተነሣችሁበት? በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ብዙ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የገንዘብ ሰጪውን ትርጓሜ አንብቡና የሚስማማውን ማስረጃ ከሬጅስትራር በጊዜ አውጡ። ሌላው፣ ለወሊድና ለሕፃን እንክብካቤ ከምርምር የተለዩበት ጊዜ በብዙ ገንዘብ ሰጪዎች ዘንድ ከቆጠራው ይታሰባል። እኅቶቻችን ይህን ሳያውቁ «ጊዜዬ አልፏል» ብለው ሲተዉት አይቻለሁ። ለሴቶች ሳይንቲስቶች በተለይ በታዳጊ አገሮች የሚሠሩትን የሚደግፈው ድርጅት፣ ኦ.ደብሊው.ኤስ.ዲ. በመባል የሚታወቀው፣ ለጀማሪ ተመራማሪዎች እስከ 50,000 የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ድጋፍ አለው፤ የሚሠራበትም በገዛ አገር ተቋም ነው። ልጅ ታቅፋ ወደ ውጭ መሄድ ለማትችል ተመራማሪ ይህ አንድ መንገድ ነው።

ቦታው ተገኘ እንበል። ውሉን እንዴት እናንብበው? በጀርመን የተመራማሪዎችን የተወሰነ ጊዜ ቅጥር የሚገዛው ሕግ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ከዶክትሬት በፊት እስከ 6 ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላም እስከ 6 ዓመት በጊዜ የተገደበ ውል መስጠትን ይፈቅዳል፤ በሕክምና ዘርፍ የኋለኛው 9 ዓመት ነው። ከዚህ ውጭ የፕሮጀክት ገንዘብ እስካለ ድረስ በገንዘቡ ዕድሜ ልክ ውል ማሰር ይቻላል። የአገሩ ሰዎችም ቢሆኑ በዚህ ሥርዓት የተደሰቱ አይደሉም። የፌዴራሉ የትምህርትና ምርምር ሚኒስቴር ሐና የተባለች ምናባዊ ባዮሎጂስት ፈጥሮ ሕጉን የሚያስረዳ ቪዲዮ አዘጋጅቶ ነበር፤ በእ.ኤ.አ. 2021 ሺዎች «ሐና እኔ ነኝ» እያሉ የየራሳቸውን የውል ታሪክ በአደባባይ ጻፉ። ይህን የማነሣው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ከጎናችሁ የሚቀመጠው ጀርመናዊ ባልደረባም እንደ እናንተው ቀን የሚቆጥር መሆኑን እንድታውቁ ነው።

የደመወዝ ውልና የፌሎሺፕ አበል አንድ አይደሉም። በደመወዝ ውል ግብር ይቆረጣል፤ የጤና፣ የጡረታና የሥራ አጥነት መድን ይከፈላል። በአበል የሚኖር ሰው ግን በአብዛኛው ሠራተኛ አይባልም፤ የጡረታ መዋጮ የለውም፤ የጤና መድኑን ራሱ ይገዛል። በደቡብ አፍሪካም የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ በአብዛኛው ከግብር ነጻ የሆነ አበል ነው፤ በዚያው ልክ የሠራተኛ መብቶችን አይሰጥም። ስለዚህ የሁለት ቦታዎችን የወር ገቢ ጎን ለጎን አስቀምጦ ትልቁን ቁጥር መምረጥ ያሳስታል። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመደበው በደመወዝ ሠንጠረዡ ደረጃ 13 ላይ ነው፤ በደረጃው ውስጥ ግን በልምድ የሚወሰኑ እርከኖች አሉ። እዚህ በመምህርነትና በተመራማሪነት ያገለገላችሁባቸው ዓመታት ሊያዙላችሁ ይችላሉና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን አስተርጉማችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አቅርቡ። ከፈረማችሁ በኋላ ማስለወጥ አድካሚ ነው።

«ሊራዘም ይችላል» ስለሚለው ሐረግ ከራሴ ሕይወት ልናገር። ዶክትሬቴን ከያዝኩ ጥቂት ዓመታት በኋላ አውሮፓ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቀጠረኝ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ውሉ ለ12 ወር ሆኖ «ሊራዘም ይችላል» ይላል። እኔ ይህን «ይራዘማል» ብዬ አነበብኩት። ከዩኒቨርሲቲዬ የሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወሰድኩ፤ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ እዚህ ቀሩ። በስምንተኛው ወር ላይ የማራዘሚያው ገንዘብ ፕሮፌሰሩ ገና ባስገባው ማመልከቻ ላይ የተንጠለጠለ እንደ ነበር ተረዳሁ። ማመልከቻው ወደቀ። ሰውየው አልዋሸኝም፤ አልጠየቅሁትም እንጂ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። ግማሽ የተጻፉ ሁለት ጽሑፎች ይዤ ተመለስኩ፤ በቦታዬ ሌላ መምህር ተመድቦ ስለ ነበር ደመወዜ እንደገና እስኪከፈት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ቤተሰቤ በባለቤቴ ገቢ ኖረ። ያንን ጊዜ እርሷ እንጂ እኔ ብተርከው ልክ አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ማንም ምክር ሲጠይቀኝ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ጥያቄ አለዎት?» ሲባል «የለኝም፤ አመሰግናለሁ» እንዳይል እለምነዋለሁ። በባህላችን ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍራል፤ በተለይ በዕድሜና በማዕረግ የሚበልጠንን ሰው። እዚያ ግን አለመጠየቅ እንደ ጨዋነት አይቆጠርም፤ ሥራውን እንዳለማወቅ ሊቆጠር ይችላል። ፕሮጀክቱ የሚያበቃው መቼ ነው? የማራዘሚያው ገንዘብ በእጅ ያለ ነው ወይስ ገና የተጠየቀ? ከሥራ ሰዓቴ ምን ያህሉ ለራሴ ጽሑፎች ይሆናል? በስሜ የምርምር ሐሳብ ጽፌ መወዳደር እችላለሁ? እነዚህን በትሕትና ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል እንዲደግሙላችሁ አድርጉ።

የመጨረሻው ጉዳይ የቤታችን ጉዳይ ስለ ሆነ ክቡር ዲን በተገኙበት ማንሣት እወዳለሁ። ለዶክትሬት የሚሄድ መምህር ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ የትምህርት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ዋስ ጠርቶ የግዴታ አገልግሎት ውል ይፈርማል። ለድኅረ ዶክትሬት የሚሄድ ግን ተማሪ አይደለም፤ ሰባቲካል ላይ ያለ ነባር መምህርም አይደለም። የዶክትሬቱን ግዴታ አገልግሎትም ብዙ ጊዜ ገና አልጨረሰም፤ ዋሱም ገና አልተፈታም። በመሆኑም አንዱ በያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሄዳል፤ ሌላው በቃል ስምምነት፤ ሦስተኛው ለቅቆ ይሄድና አይመለስም። ገንዘብ ሰጪዎቹ የሚያስቀምጡት ሰዓት እኛ በኮሚቴ የምንመላለስባቸውን ወራት አይጠብቅም። የጥሪው ቀን ከማለፉ በፊት «ፈቃድ ያገኛል፤ ቦታው ይጠበቅለታል» የሚል አንድ የተፈረመ ደብዳቤ በእጁ ያለ መምህር ለመመለስ ምክንያት አለው።

ወጣቱ ባልደረባዬ ከዚያ ቀን በኋላ አምስት ደብዳቤ ጻፈ፤ ሁለት ሰዎች መለሱለት፤ አንዷ የጥናት ሐሳቡን በሦስት ገጽ እንዲልክላት ጠይቃዋለች። ዶክትሬቱን ካገኘ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። ለአስተናጋጇ ከሚልከው ሐሳብ ጋር የፋኩልቲውን ደብዳቤ ማያያዝ ይፈልጋል፤ ደብዳቤውን የሚሰጠው አካል የትኛው እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም። ክቡር ዲን፣ ለድኅረ ዶክትሬት የሚሆን የፈቃድ አሰጣጥ ባለ ሁለት ገጽ ረቂቅ አዘጋጅቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ ጥያቄዎቹን እንደ ጨረስን ለጽሕፈት ቤትዎ አስረክባለሁ።